ሦስተኛው ቀን፦ ጤነኛ ጨቅላ ሕፃንን መመርመርና መንከባከብ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ

(የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጤነኛ ሕፃን ነው። በሕክምና ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜያችንን የምናጠፋው በበሽታ ላይ በመሆኑ ርእሱ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ተመርቃችሁ በየጤና ጣቢያው ስትመደቡ ከሚያጋጥሟችሁ አራስ ሕፃናት አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። የሥራችሁ ትልቁ ክፍልም «ይህ ሕፃን ደህና ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በኃላፊነት መናገር ይሆናል። ይህ ዐረፍተ ነገር መቼ እውነት እንደሚሆን፣ እስከ መቼስ እውነት ሆኖ እንደሚቆይ ማስረዳት የንግግሬ ዓላማ ነው።

ጤነኛ ማለት ምን ማለት ነው?

«ጤነኛ ነው» ማለት ከምርመራ በኋላ የሚደረስበት ፍርድ ነው፤ ፍርዱም ሰዓትና ቀን አለው። ሕፃኑ በተወለደባቸው ጥቂት ደቂቃዎች በፈሳሽ ተሞልቶ የነበረው ሳንባው አየር ይቀበላል፤ የደም ዝውውሩ አቅጣጫ ይለወጣል፤ ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ ይጀምራል። ሌሎቹ ለውጦች ግን ቀናት ይወስዳሉ። በማሕፀን ሳለ የደም መተላለፊያ የነበረው ቱቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ በቀስ ይዘጋል። በእናቱ በኩል ይወገድ የነበረውን ቢሊሩቢን ከእንግዲህ የሚያስወግደው የሕፃኑ ጉበት ነው፤ ጉበቱም ሥራውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። የእናቱ ጡት በብዛት ማመንጨት የሚጀምረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት የተሰጠ ፍርድ ለሦስተኛው ቀን አያገለግልም። እያንዳንዱ ፍርድ በጊዜው መታደስ አለበት።

ስለ ምን አርዲቦ?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። አርዲቦ ሐይቅ ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በተራሮች መካከል የተኛ ነው። በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች የገበሬ ቀበሌዎች ናቸው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፤ ከቤት እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጉዞም በአመዛኙ በእግር ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስፍራ ደጋግሜ የማነሣው ሦስት ነገሮች በአንድነት ስለሚታዩበት ነው፤ እነሱም የደጋ ብርድ፣ ከጤና ተቋም ያለው ርቀት፣ ጠንካራውም የአራስ ቤት ሥርዓት ናቸው።

አገር አቀፉን ሥዕል በጥቂት ቁጥሮች ላስቀምጥ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህ ታላቅ ውጤት ነው። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን በዚያው ዘመን ከ49 ወደ 29 ነው የቀነሱት። ስሌቱን ብትሠሩት በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት አሥር ሕፃናት ሦስቱ ገደማ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ነበሩ፤ በ2016 ከአሥሩ ከአራት በላይ ሆነዋል። ሞት ወደ ሕይወት መጀመሪያ ተሰብስቧል ማለት ነው። ከዚያም ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል የሚደርሰው በመጀመሪያው ሳምንት እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። በዚሁ የ2016 ጥናት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች 26 በመቶ ነበሩ፤ በተወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የጤና ምርመራ ያገኙ ሕፃናት ግን 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019 በተቋም የሚወልዱት ወደ 48 በመቶ አድገዋል። የመውለጃው በር እየሰፋ ነው፤ ከመውለድ በኋላ ያለው በር ግን ገና ጠባብ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት

ሕፃኑ እንደ ተወለደ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። አለቀሰ ወይም በደንብ ተነፈሰ? ሰውነቱ ተኮማትሮ ይንቀሳቀሳል ወይስ ዝልፍልፍ ብሏል? አሜሪካዊቷ የማደንዘዣ ሐኪም ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ. በ1952 ያዘጋጀችው መመዘኛ አምስት ነገሮችን ያያል፤ የልብ ምትን፣ አተነፋፈስን፣ የጡንቻ ጥንካሬን፣ ለንክኪ የሚሰጠውን ምላሽና የቆዳ ቀለምን። ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል። በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ ይመዘገባል፤ 7ና ከዚያ በላይ ሲሆን የሚያረጋጋ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ነጥቡ የሚነግረን ሕፃኑ ከማሕፀን ወደ ዓለም እንዴት እንደ ተሻገረ ነው። የልቡን አፈጣጠርም ሆነ የነገውን ቢጫነት አይነግረንም። በክትትል ካርድ ላይ «አፕጋር 9» ተብሎ ስለ ተጻፈ ምርመራ ተደርጓል ማለት አይደለም።

በዚህ ሰዓት ትልቁ ጠላት ብርድ ነው። እርጥብ ሕፃን ሙቀቱን በአራት መንገድ ያጣል፤ ከቆዳው በሚተነው እርጥበት፣ በሚነካው ቀዝቃዛ ነገር፣ በሚነፍስበት አየር፣ በአቅራቢያው ወዳለ ቀዝቃዛ ግድግዳም ሙቀቱን በመልቀቅ። ስለዚህ የማዋለጃው ክፍል ከ25 እስከ 28 ዲግሪ መሞቅ ይገባዋል፤ ሕፃኑ ወዲያው ይደረቃል፣ እርጥቡ ጨርቅ ይነሣል፣ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ሆኖ ከላይ ይሸፈናል፣ ራሱ ላይ ቆብ ይደረግለታል። በዚያው እንዳለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምራል። እትብቱ በንጹሕ መሣሪያ ይቆረጣል። ደም መፍሰስን የሚከላከለው ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊ ግራም ጭኑ ላይ ይወጋል፤ 1 በመቶ ቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ይደረግለታል። የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ የመጀመሪያ ክትባቶችም ከዚያ ይከተላሉ።

ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር

ሙሉው ምርመራ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በብርሃን፣ በሞቀ ክፍል፣ በእናቱ ፊት ይደረጋል። ሥርዓቱን ለተማሪዎቼ ሳስተምር «መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡና እዩ» እላለሁ። ሕፃኑ ጸጥ ብሎ ሳለ ትንፋሹ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፤ ጨቅላ ሕፃን ፈጠን፣ ቆም እያለ ስለሚተነፍስ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ከ30 እስከ 60 ደህና ነው፤ 60 ከሞላ ወይም ካለፈ ደግሞ ይቆጠራል። የልብ ምቱ ከ100 እስከ 160፣ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ይሆናል። ክብደቱ ከ2,500 እስከ 4,000 ግራም፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የራሱ ዙሪያ ከ33 እስከ 37 ሴንቲ ሜትር ይጠበቃል።

ቀጥሎ እርግብግቢቱ ይዳሰሳል፤ የተነፋ ወይም የሰረጎደ መሆን የለበትም። ዐይኑ በብርሃን ሲታይ ከብሌኑ ቀይ ነጸብራቅ መመለስ አለበት፤ ነጭ ከሆነ የዐይን ሞራ ወይም ዕጢ ሊኖር ይችላልና ይላካል። ላንቃው በዐይንም በጣትም ይታያል። ልቡ ይደመጣል፤ በሁለቱም ብሽሽቶች የደም ሥር ምት ይፈለጋል። ሆዱ፣ ብልቱ፣ ፊንጢጣው ክፍት መሆኑ፣ የወንዱ ቆለጦች መውረዳቸው ይረጋገጣል። ሁለቱ ዳሌዎች ከመጋጠሚያቸው የሚወልቁ መሆን አለመሆናቸው ይፈተሻል። ሕፃኑ ተገልብጦ አከርካሪው ከላይ እስከ ታች ይታያል፤ የአከርካሪና የጭንቅላት አፈጣጠር ጉድለት በአገራችን የተለመደ ችግር ነውና ይህ ርምጃ አይዘለልም።

የደም ኦክስጅን መጠን መለኪያ ባለበት ቦታ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የ95 በመቶ ወሰን የተጠናው በዝቅተኛ ስፍራ ነው። ከፍታ ሲጨምር የጤነኛ ሕፃንም ልኬት ጥቂት ዝቅ ይላል። በደጋ የምትሠሩ ልኬቱን ከአተነፋፈሱ፣ ከቀለሙና ከጡት አጠባቡ ጋር አገናዝባችሁ አንብቡ።

መርማሪው ማስፈራት የማይገባውን ነገር ማወቁም የሥራው አካል ነው። ቆዳውን የሚለብሰው ነጭ ቅባት እድፍ ሳይሆን የተፈጥሮ መከላከያ ነው። በመቀመጫውና በወገቡ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ግራጫ ምልክት የምት ሰንበር አይደለም፤ በእኛ ሕፃናት ላይ በብዛት ይታያል፣ ከዓመታት በኋላም ይጠፋል። በምጥ የረዘመው ራስ በቀናት ውስጥ ይስተካከላል። የሕፃናት ጡት ማበጥ፣ ከሴት ሕፃን ብልት የሚወጣ ጥቂት ደም፣ ሁለቱም ከእናቲቱ ሆርሞን የመጡ ናቸው፤ ያበጠውን ጡት መጭመቅ ግን ኢንፌክሽን ያመጣል። ማስነጠስና ስቅታም በሽታ አይደሉም። እናት ይህን ሁሉ ከመርማሪው አፍ ብትሰማ እንጥል ወደሚቆርጠው ወይም ድድ ወደሚበጣው ሰው የሚያስሮጣት ፍርሃት ይቀንሳል።

ቀጠሮ የሌለው ቀን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ማኅበረሰባችን ለአራስ ሕፃን የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። በተወለደ ቀን ገንፎ ይገነፋል፤ ጎረቤት ይጠራል። በሙስሊሙ ቤት በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይወጣል፣ ስም ይሰየማል። በክርስቲያኑ ቤት ወንዱ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በእነዚህ ቀናት ሕፃኑ በብዙ ዐይን ይታያል። በመካከላቸው ግን እናትና ልጅ ከሰው ዐይንና ከብርድ ተጠብቀው በጓዳ ይከርማሉ። ይህ ሥርዓት ለአራሷ ዕረፍት፣ ምግብና ክብር የሰጠ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ችግሩ አንድ ነው፦ በዚህ የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ሦስተኛው ቀን የለም።

በሕክምና በኩል ሲታይ ግን ሦስተኛው ቀን እጅግ ወሳኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እናትና ልጅ ቢያንስ 24 ሰዓት በተቋም እንዲቆዩ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት እንዲታዩ የሚመክረው በምክንያት ነው።

አንደኛው ምክንያት ቢጫነት ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚታይ ቢጫነት ሁልጊዜ አደገኛ ነው። ከሁለተኛው ቀን በኋላ የሚመጣውና ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን የሚበረታው በአብዛኛው የተፈጥሮ ነው፤ በአንዳንዶቹ ግን ከልክ አልፎ አንጎልን ይጎዳል። እጅና እግር መዳፍ ከደረሰ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። በጠይም ቆዳ ላይ ቢጫነትን ለማየት በቀን ብርሃን የዐይኑን ነጭ፣ ድዱን፣ መዳፉንና ውስጥ እግሩን መመልከት፣ ቆዳውንም በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅ ያስፈልጋል። በጨለማ ጓዳ ውስጥ ቢጫነት አይታይም። ሲታይም ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ» ብሎ የባህል መድኃኒት ሊፈልግ ይችላል። ሌላው ፀሐይ ያሞቃል። ብርሃን ቢሊሩቢንን እንደሚቀንስ በ1950ዎቹ በእንግሊዝ በሮችፎርድ ሆስፒታል መጀመሪያ ያስተዋለችው ሕፃናቱን በየቀኑ ወደ ግቢው ታወጣ የነበረች ነርስ ናት። የዛሬው የብርሃን ሕክምና ከዚያ አስተውሎት የተወለደ ነው። ሆኖም የጠዋት ፀሐይ ያልተለካ መድኃኒት ነው፤ አደገኛ ቢጫነት ያለበትን ሕፃን በደጅ ማሞቅ ሰዓት ማባከን ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ጡት ነው። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል። በ3,000 ግራም የተወለደ ሕፃን በሦስተኛው ቀን 2,800 ቢሆን አያስደነግጥም፤ ከ2,700 በታች ከወረደ ግን አሥር በመቶውን አጥቷልና አጠባቡ መታየት አለበት። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የተወለደበትን ክብደት መመለስ ይገባዋል። ሚዛን በሌለበት ሽንትና ዓይነ ምድር ይመሰክራሉ፤ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ መሽናት፣ ጥቁሩም ዓይነ ምድር ወደ ቢጫ መለወጥ አለበት።

ሦስተኛው ምክንያት በመጀመሪያው ቀን ሊሰማ የማይችለው ነው። አንዳንድ የልብ ጉድለት የሚገለጠው ቀደም ሲል የጠቀስኩት ቱቦ ሲዘጋ ነው። በወሊድ ጊዜ የገባ ኢንፌክሽንም በእነዚህ ቀናት ራሱን ያሳያል። በስድስት ሰዓት ከተቋም የወጣ ሕፃን እነዚህን ሁሉ የሚያልፈው መርማሪ በሌለበት ነው።

በቤት የሚደረግ እንክብካቤ

ጤነኛ ሕፃን የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ ሙቀት፣ የእናት ጡት፣ ንጽሕና፣ የሚያየው ሰው። ሙቀቱን ለማወቅ ቴርሞሜትር ባይኖር እንኳ በእጅ ጀርባ ሆዱንና እግሩን መንካት ይረዳል። ሁለቱም ከሞቁ ደህና ነው። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ በርዶታል፤ ከእናቱ ገላ ጋር ቆዳ ለቆዳ ይታቀፍ። ሁለቱም ከቀዘቀዙ አደጋ ላይ ነው። ገላውን መታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይዘግይ። ምድጃ አጠገብ ማስተኛት ሙቀት ቢሰጥም ጭሱ ይጎዳዋል፤ የእናት ደረት ከምድጃ ይሻላል።

እንገር፣ ማለትም ወፈር ያለው የመጀመሪያው ወተት፣ መደፋት የለበትም። ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የታጨቁበት ነው። ቅቤ ማስላስ፣ ውሃ በስኳር ወይም ተልባ ማጠጣት ሆዱን ይይዝበታል፤ ጡት የመሳብ ፍላጎቱን ያዳክማል፤ ጀርምም ያስገባል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት በቂው ነው።

እትብትን በተመለከተ ሕጉ «ንጹሕና ደረቅ» ነው። ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት መቀባት የመንጋጋ ቆልፍን በር ይከፍታል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናትን የመንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጦላታል፤ ያንን የሚጠብቀው ክትባቱና ንጹሕ እትብት ነው። 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ጄል በኔፓልና በባንግላዴሽ በተደረጉ ጥናቶች ሞት ቀንሷል፤ በዛምቢያና በታንዛኒያ በተደረጉት ግን ይህን ያህል ጥቅም አልታየም። ስለዚህ የአሁኑ ዓለም አቀፍ ምክር ጎጂ ነገር መቀባት በተለመደበት ስፍራ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲደረግ ነው። የምትሰጡት እናት የእትብት እንጂ የዐይን መድኃኒት አለመሆኑን ደግማ እንድትነግራችሁ አድርጉ፤ ዐይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ቤተሰቡ ሊያውቃቸው የሚገቡ የአደጋ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ጡት አለመሳብ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ መፍጠን ወይም ደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ መጋል ወይም መቀዝቀዝ፣ ካልነኩት አለመንቀሳቀስ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ቢጫ መሆን፣ እትብት ዙሪያ መቅላት ወይም መግል። አንዱ ብቻ በቂ ነው፤ ጠዋት አይጠበቅም።

ሦስተኛውን ቀን ማን ይያዘው?

መዋቅሩ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተመድበዋል፤ ከ2013 ጀምሮም ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ሥራቸው ውስጥ ገብቷል። የእናቶች ማቆያ ቤቶችም በየጤና ጣቢያው ተሠርተዋል። ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ማቆያ ቤቱ ከወሊድ በፊት ብቻ አያገልግል። ቤቷ ከአርዲቦ ማዶ የሆነ እናት የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት እዚያ ብታድር፣ ገንፎውም ቡናውም እዚያው ቢዘጋጅላት፣ ለመውጣት የሚያቻኩላት ምክንያት ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ እናት ከጤና ጣቢያ ስትወጣ የሦስተኛው ቀን ቀጠሮ በቀበሌዋ ላለችው ባለሙያ በስልክ ይድረስ። «ቸግሮሽ እንደሆነ ነይ» የሚለው ቃል ቀጠሮ አይባልም። አራስ ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ ባለሙያዋ ትሂድላት።

ሦስተኛና ዋነኛው፣ አያቲቱን መርማሪ እናድርጋት። በአራስ ቤት ሕፃኑን ቀንና ሌሊት የምታየው እሷ ናት። ወደ ቤት ስትገቡ «እማማ፣ ከእርስዎ የሚሰወር የለም፤ ልጁ እንዴት አደረ?» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ትንፋሹን አብራችሁ ቁጠሩ፤ እግሩን በእጅ ጀርባ ታስነካችሁ፤ ሕፃኑን ከሰው ዐይን ለመጋረድ ከፈለገች ጋቢውን ሸፍናችሁ በሩ አጠገብ ባለው ብርሃን መዳፉን ብቻ እንድታይ ጠይቋት። ሥርዓቷን የሚነካ ነገር በዚህ ውስጥ የለም። ከሁለት መቶ ሜትር የሚሰማውን እልልታ የሚያስተባብሩ እጆች ትንፋሽ መቁጠር አያቅታቸውም።

ውድ ተማሪዎች፤ በዚህ ዓመት ለተግባር ልምምድ ወደ ቀበሌዎቹ ስትወጡ የምጠይቃችሁ መዝገብ አንድ ገጽ ነው፦ የመጀመሪያው ሰዓት፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ሦስተኛው ቀን፣ ሰባተኛው ቀን። በእያንዳንዱ ዐምድ ትንፋሽ፣ ሙቀት፣ ክብደት፣ ጡት፣ ቀለም ይጻፋል። ሰባተኛውን ቀን ማኅበረሰቡ ራሱ አቆይቶልናል፤ ድግሱ ላይ እንገኛለን። ሦስተኛው ዐምድ ባዶ ሆኖ ከመጣ ግን ሕፃኑ ደህና መሆኑን አላወቅንም ማለት ነውና፣ ወደዚያው ቤት ተመልሳችሁ እንድትሄዱ አደርጋለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።